ደጋሹ ክኒኑን ሲተው

የልጄን የዜኖቢዮን እጅ ይዤ የልቡን ምት ማዳመጥ የጠዋት ሥራዬ ከሆነ ሰነበተ። ገና ፊቱን ሳይታጠብ ሁለት ጣቴን ከአውራ ጣቱ ሥር አሳርፋለሁ። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሚስቱ ፕሪሚቲባ ጀርባዋን ሰጥታን ድስት ታንኳኳለች። ልጁ ሚለንካ ደግሞ «አያቴ፣ ዛሬስ ምን አለሽ?» ትለኛለች፤ ልብ ለእኔ የሚያወራኝ ይመስላታል።

ምን ይለኛል! የጤነኛ ሰው ልብ እንደ ሙቀጫ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የልጄ ግን ክዳን የተደፋበት የፈንዲሻ ድስት ነው። ጣጣጣ ይልና ጸጥ። ጸጥታው ሲረዝምብኝ የእኔው ነፍስ ልትወጣ ትደርስና ደግሞ ጣ ይላል።

ያደግንበት የጭቃ ቤት ነው ጉዳችን። ከግድግዳው ስንጥቅ የምትወጣ ቢንቹካ የምንላት ደም መጣጭ ተባይ አለች፤ ተኝተን ትነክሰናለች። እሷ በልጅነቱ የተከለችበት በሽታ ነው ዓመት ቆጥሮ ልቡን ያላላው። ይህን የነገረችን ዶክተር ሮሲዮ ናት፤ ፑናታ ከተማ የምትሠራ፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ትዕግሥቷ ወፍራም የሆነች ልጅ። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የተነገረኝን ግን አልጥልም። ወረቀት ላይ ልብ ሣለችልን።

«ልብ ላይ ቤትና ታች ቤት አላት» አለች። «የእሱ ላይ ቤቱ መምታት ትቶ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ደሙ ሙልጭ ብሎ አይወጣም፣ ጥግ ይይዝና ይቆማል። የቆመ ደም ይረጋል። የረጋችው ቁራጭ አንድ ቀን ተነቅላ ወደ ጭንቅላት ከወጣች ግን እጅ ትሰልባለች፣ አፍ ታጣምማለች።»

«እንግዲያው መንቀጥቀጡን አቁሚልኛ!» አልኳት።

«ሁልጊዜ እሺ አይልም፣ እማማ ኔሜሲያ። ከመንቀጥቀጡ ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ሞልቷል። እኔን የሚያስፈራኝ የረጋው ደም ነው።»

ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠችው። አንዱ የልቡን ሩጫ የሚያበርድ፣ ሌላው ዋርፋሪን የሚባል፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚያቀጥን። ደሙ ከመጠን በላይ ቢቀጥን ይፈሳል፣ ቢወፍር ይረጋል፤ ስለዚህ በየጊዜው እየመጣ ይመርመር አለች። ጎመኑንም ዛሬ ክምር ነገ ባዶ አያድርገው፣ እንደለመደው በልክ ይብላ። መጠጥ ይቅርበት። ክኒኑን አንድም ቀን እንዳይዘል። ዜኖቢዮ ለሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ፕሪሚቲባም «እኔ በእጄ አውጠዋለሁ» ብላ ማለች። መጠጥ ይቅር፣ ክኒን አይቅር። ከሁለቱ አንዱ ሊፈርስ ግድ ቢሆን የትኛው ይፍረስ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ግዱ መጣ። በእኛ መንደር በሞዬ ፓምፓ የገበሬዎች ጠባቂ ቅዱስ ኢሲድሮ ነው፤ በቆሎ ከታጨደ በኋላ በግንቦት ይነግሣል። በየዓመቱ አንድ ቤት ይደግሳል። ዜኖቢዮ የዘንድሮውን ድግስ በስለት የተቀበለው ጤነኛ ሳለ፣ ከመሠዊያው ፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ሕመሙ ሲታወቅ፣ «ለሌላ አሳልፍ» ብዬ አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ምግብም አልበላም አልኩ። «ከቅዱሱ ጋር የተገባ ቃል እንደ አህያ ዋጋ አይፈርስም» አለኝ። «ደግሞ እደግሳለሁ እንጂ አልጠጣም።»

እንዴት ያለ ነገር ነው የሚያወራው! ደጋሽ የማይጠጣበት ድግስ ማን አይቶ ያውቃል? ቺቻችን፣ ማለትም የበቆሎ ጠላችን፣ የሚጠጣው በቅል ነው። ጋባዡ መጀመሪያ ለምድር እናት ጠብ ያደርጋል፣ ከዚያ ራሱ ይጠጣል፣ ቅሉን ከዚያው ጋን ሞልቶ ለጋበዘው ይሰጣል። የተጋበዘ እምቢ አይልም። ደጋሹን ደግሞ የማይጋብዝ የለም፤ ያልጋበዘው ሰው ቂም የያዘ ነው የሚባለው። እኔ ሞኟ መላ ያገኘሁ መስሎኝ፣ ገና ያልፈላ፣ እንደ ማር የሚጣፍጥ የቺቻ ጭማቂ በገንቦ አስቀምጬለት ነበር። «ለእሱ ከዚህ ቅዱለት» ብዬ ለፕሪሚቲባ ነገርኳት። ከዋዜማው ጀምሮ ግን ሰው ሁሉ ከአንዱ ጋን እየቀዳ፣ ከራሱ ከንፈር ላይ እያነሳ ሰጠው። ገንቦዬ ዝንብ ሰበሰበ።

በበዓሉ ዕለት፣ ከቅዳሴ በፊት፣ ግቢው በሰው ሞልቶ፣ የአሳማ ጥብሱ እየተንጫጫ፣ የበቆሎ ንፍሮው በሳፋ እየዞረ፣ ዜኖቢዮን ጥግ ላይ ያዝኩት። ፊቱ ቀልቷል። ያንገቱ ክራባት ተጣሟል። እጁን ያዝኩ።

ፈንዲሻው አብዷል። ሁሉም በአንዴ ነው የሚፈነዳው።

«ክኒንህን ወሰድክ?»

«ወሰድኩ አልኩሽ እኮ፣ እማዬ።»

«መቼ?»

«ጠዋት። አሁን ልቀቂኝ፤ እንግዳ እያየን ነው። ጡት የምታጠቢኝ ይመስላል።»

አጠገባችን አበልጁ ካሊስቶ ቆሟል፤ የሚለንካ የክርስትና አባት፣ የሚኒባስ ባለቤት፣ አፉ ቁልፍ የሌለው። ዜኖቢዮ እንግዳ ሊቀበል ሲሄድ ትከሻዬን አቅፎ ሳቀ።

«አይስጉ እማማ፣ አበልጄ ጅል መሰለዎት? ክኒንና መጠጥ እንደማይጋጠሙ ያውቃል። ከእሁድ ጀምሮ ክኒኑን ትቶታል። ደሙን አጽድቶ ነው ወደ ቺቻው የገባው!»

«ምን አልክ?»

«እኔው ነኝ የመከርኩት። አጎቴ እኮ የጥርስ ክኒን ውጦ ጠጥቶ ነው ሲያስመልሰው ያደረው።»

የእኛ ሰው የሚያውቃት አንዲት ሕግ ብትኖር ይህች ናት፤ ልትጠጣ ካሰብህ ክኒንህን ቀድመህ ተው። የጥርስም፣ የትልም፣ የራስ ምታትም ሲሆን እንደዚያ ነው። ልጄ ተጠንቅቆ ነበር ለካ! መጠንቀቁ ነው ያንን ደም ከእሁድ እስከ ዛሬ ዓርብ ያለ ጠባቂ የተወው።

ቤት ገብቼ የጓዳውን መደርደሪያ አመሰቃቀልኩ። ክኒኑ ከቦታው የለም። ባገኘው የአራቱንም የአምስቱንም ቀን በአንዴ አፉ ውስጥ ልጨምርለት ነበር ያሰብኩት፤ ያለፈውን ጾም በአንድ ቀን እንደሚያካክስ ሰው። ፕሪሚቲባን ጠራኋት።

«ክኒኑ የታለ?»

«እሱ ጋ ይሆናል።» ዓይኗን ሰበረች።

«ስልክሽን አምጪ።»

ለዶክተር ሮሲዮ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ደራርበው እንዳይሰጡት! ክኒኑ በአንድ ቀን አይሠራም፣ ቀናት ይፈልጋል። አሁኑኑ ወደ እኔ ያምጡት፣ መርፌ ልስጠው፣ ምቱንም ላብርደው። ይስሙኝ ደግሞ። አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከወደቀ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ እኔ ጋ አይምጡ። በቀጥታ ኮቻባምባ፣ ትልቁ ሆስፒታል። ያኔ እያንዳንዷ ደቂቃ ከአንጎሉ ትቆርሳለች።»

ወጣሁ። ቅዳሴው አልቆ የቅዱሱ ምስል በትከሻ ተነሥቷል፤ የሙዚቃ ባንዱ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ዜኖቢዮ የቅዱሱን አርማ በቀኝ እጁ ይዞ ከፊት ቆሟል። አርማው ከሰዓት በኋላ ለሚቀጥለው ደጋሽ ይተላለፋል፤ ያን ሳያደርግ የሄደ ደጋሽ ቅዱሱን ያለ አባት ጥሎ ሄደ ይባላል። ሄጄ ክንዱን ያዝኩ።

«ሐኪሟ አሁኑኑ ና ብላሃለች።»

«ካስረከብኩ በኋላ እሄዳለሁ።»

«አሁን፣ ዜኖቢዮ!»

«እማዬ፣ በእግዜር፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

የማኅበሩ ሽማግሌ ዶን ፔላዮ መጡ። የስንቱን ደጋሽ ቀብር የቆሙ፣ ባርኔጣቸውን በሰላሙም በሐዘኑም የማያወልቁ ሰው ናቸው።

«ምንድን ነው፣ ዶኛ ኔሜሲያ? ልጅዎን ዛሬ እንኳ ይተዉት እንጂ።»

«ታሟል። አርማውን ለእኔ ይስጠኝ። ደጋሹ ቤቱ ነው እንጂ ሰውየው ብቻ አይደለም። እኔም የቤቱ ነኝ።»

«ሴት አርማ ይዛ አታውቅም።»

«ሴት ቺቻውን ስትጠምቅ፣ አሳማውን ስታርድ፣ ሳፋውን ስትሸከም ነበረች! አርማው ከጋኑ ይከብዳል?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ዶን ፔላዮ ፊታቸው ጠቆረ። «አርማ የያዘ የተጋበዘውን ይጠጣል» አሉኝ። እምቢ የሚያስብሉኝ መስሏቸው ነው። በዚያው ቅጽበት አንዱ ጎረቤት ሙሉ ቅል ለዜኖቢዮ ዘረጋ። ነጥቄ ጠጣሁት፤ አንገቴ ላይ እስኪፈስ። ሕዝቡ ጮኸ።

«ይቺ ናት እናት!»

«ሌላ ቅዱላት! ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጠምቷት ነው!»

ሌላ መጣ። እሱንም ጠጣሁ። ከዚያ ሌላ። ልጄ ሲጠጣ ከማይ ጋኑን በጀርባዬ ብሸከመው ይሻለኝ ነበር። ሆዴ ተነፋ፣ ጆሮዬ ጭው አለ፤ ግን ዜኖቢዮ መሳቅ ጀመረ፣ በግድም ቢሆን። «በቃ፣ በቃ፣ ይቺ ሴትዮ ትገድለናለች» አለና አርማውን ወደ እኔ አዘነበለ። ይህን ጊዜ እንዳሸነፍኩ ተሰማኝ። እጄን ዘረጋሁ።

አርማው ከእጄ ሳይደርስ ወደቀ።

ዜኖቢዮ መሬት ላይ ያለውን አርማ አየው፣ ከዚያ ቀኝ እጁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ያየ ይመስል። «እማ...» አለ። የቀረው ቃል አፉ ውስጥ ተጠቀለለ። ፈገግታው በአንድ በኩል ብቻ ተንጠለጠለ፤ በሌላው በኩል ፊቱ እንደ ራሰ ጨርቅ ወረደ። ቀኝ ጉልበቱ ከዳውና ቁጭ አለ።

ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሳቁ!

«ደጋሹ ጠገበ!»

«ጥላ ሥር አስተኙት፤ እስከ ማስረከቡ ይነቃል።»

ሁለት ጎልማሶች ብብቱን ይዘው ወደ ዛፉ ጎተቱት። እንደ ወጉ አስተኙት፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፉበት። በድግሳችን የወደቀ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚደረግለት፤ ማንም አይቀሰቅሰውም፣ ነውር ነው። ስንቱ ነው እንዲህ ባርኔጣው ሥር የቀረው ብዬ ሳስብ እስካሁን ያንቀጠቅጠኛል።

«አልሰከረም!» እያልኩ ጮህኩ። «አልሰከረም፣ ደም ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው!» እኔው ግን እየተንገዳገድኩ ነው። ቺቻ በአፍንጫዬ ሊወጣ ደርሷል። የሰከረች አሮጊት «አልሰከረም» ስትል ማን ይሰማል? ባርኔጣውን አንስቼ ወረወርኩ። «ሳቅ!» አልኩት። «ሁለቱንም እጅህን አንሳ!» ግራው ተነሣ። ቀኙ ሣሩ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ፕሪሚቲባ አየች፤ እሪታዋ ነው ባንዱን ያስቆመው።

ካሊስቶ ስካሩ ከፊቱ ላይ ረገፈ። «መኪናዬን አምጣለሁ!» ብሎ ሮጠና በሁለተኛው እርምጃው ከንፍሮው ሳፋ ጋር ተጋጭቶ ተዘረረ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ! መኪና ያለውም፣ መንዳት የሚችለውም፣ የመንደሩ ነርስም ሳይቀር፣ ሁሉም ዓይኑ ፈዟል። ከዋዜማው ጀምሮ በአንድ ጋን የሚጠጣ መንደር ነው። እግዜር ያሳያችሁ፤ ልጄ ሊሞትብኝ ነው፣ በዙሪያዬ አንድ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው የለም።

ያልጠጣ አንድ ቤት ብቻ ነበር። ከመንደሩ ጫፍ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ወንድም ኤፍራይን የሚባል መኪና ያለው ጴንጤ አለ። እሱና ሚስቱ ሩት ለቅዱሱ ድግስ አናዋጣም፣ ጣዖት ነው ስላሉ፣ ማኅበሩ ባለፈው ዘር ወቅት የመስኖ ተራቸውን ነጥቋቸው በቆሏቸው ቆሞ ደርቋል። በበዓል ቀን በራቸውን ዘግተው መዝሙር ይዘምራሉ። ቀሚሴን በሁለት እጄ ይዤ ሮጥኩ፤ ሩጫ ከተባለ። ቦዩ ውስጥ ወድቄ ተነሣሁ። በሩን በጡጫ ደበደብኩ።

የከፈተችው ሩት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ጭቃዬንም፣ ሽታዬንም።

«እማማ ኔሜሲያ። ዛሬ ቅዱሳችሁ መኪና አጣ እንዴ?»

«ልጄ እየሞተብኝ ነው። ኤፍራይን ይንዳልኝ።»

«ጠጥቶ ይሆናላ።»

«አዎ ጠጥቷል! እኔም ጠጥቻለሁ! ከፈለግሽ እዚሁ እግርሽ ላይ አስመልስልሻለሁ። በኋላ ስደቢኝ፣ ሩት። ነገ መጥቼ በርሽ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እስኪበቃሽ ስደቢኝ። አሁን ግን ባልሽን ስጪኝ።»

መልስ ከማግኘቴ በፊት ኤፍራይን መዝሙሩን አቋርጦ ከኋላዋ ወጣ፤ ቁልፉ በእጁ ነው። «የት ነው ያለው?» አለ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። ሩት ከኋላችን «የተኛበት ይቀዘቅዘዋል» ብላ ብርድ ልብስ ወረወረችልኝ።

ዶን ፔላዮ ራሳቸው ሕዝቡን ገፍተው መንገድ አስከፈቱ። ካሊስቶ ዜኖቢዮን አዝሎ አመጣው፤ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ። «እኔ ልንዳ፣ ወንድም ኤፍራይን፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለ።

«የትኛውን? ሁለት ሆኖ የሚታይህን?» አለው ኤፍራይንና በሩን ዘጋበት።

በመንገዱ ላይ የልጄ ጭንቅላት ጭኔ ላይ ነበር። ሊያናግረኝ ይሞክራል፤ የሚወጣው ድምፅ ከልጅነቱም የማላውቀው ነው። ዓይኑ ግን እሱ ነው፤ ውስጡ ሆኖ በሩን እየደበደበ ያለ ሰው ዓይን። «አትናገር፣ አለሁ፣ አለሁ» እለዋለሁ። ፕሪሚቲባ ከፊት ሆና ለዶክተር ሮሲዮ ደውላ እየመጣን መሆኑን ነገረች። ኤፍራይን በየመሐሉ «ጌታ ሆይ» ይላል። እኔም በልቤ ቅዱስ ኢሲድሮን እለምናለሁ። በአንድ መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ጸሎት! ማንኛችንም ግን ስለዚያ አልተከራከርንም።

ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ዶክተር ሮሲዮ ደውላ መምጣታችንን ያስታወቀቻቸው ተረኞች ይጠብቁን ነበር። ጭንቅላቱን በመሣሪያ አዩት። ከዚያ መነጽር ያደረገ ወጣት ሐኪም ፈጠን ፈጠን እያለ ወጣ።

«አልደማም፣ የደም ሥሩን የዘጋው የረጋ ደም ነው» አለ። «የሚያሟሟ መድኃኒት አለኝ። ግን ንገሩኝ፤ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል? እየወሰደ ከሆነ ይህን መድኃኒት ብሰጠው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ይሞታል።»

ፕሪሚቲባ ቀደመችኝ። «ይወስዳል፣ ዶክተር። አንድም ቀን አላስተጓጎለም።»

ዞሬ አየኋት። ገባኝ። ሆስፒታል እንደ እኛ ሰፊ ቀሚስ የለበሰችና ጸጉሯን ሁለት ጉንጉን ያደረገች ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠብቃት ቁጣ ነው፤ ለምን ዘገየሽ፣ ለምን አልሰማሽም። በእጄ አውጠዋለሁ ብላ ምላለች። ባሏንም ራሷንም ከቁጣ የምታድን መስሏት የለመደችውን መለሰች። በዚህ መልስ ሞቱን እየፈረመችበት እንደሆነ አላወቀችም።

«ትዋሻለች!» አልኩ። «ከእሁድ ጀምሮ ትቶታል!»

ሐኪሙ አየኝ። ጭቃ በጭቃ ነኝ፣ ሻርፔ ወድቋል፣ ቺቻ እሸታለሁ። «እሜቴ፣ ጠጥተዋል። እባክዎ ውጭ አረፍ ይበሉ።»

«የጠጣሁት ለእሱ ነው! እሱ እንዳይጠጣ!»

«እሜቴ...»

«ደሙን መርምሩት!»

«ደሙ ተልኳል። ውጤቱን ሳላይ፣ ቤተሰቡም እየወሰደ ነው እያለኝ፣ መድኃኒቱን አልደፍርም። ሰዓቱ ደግሞ እየሄደ ነው።»

ፕሪሚቲባን በሁለት ትከሻዋ ያዝኳት። ልመታት ነበር፤ ቃሌ ነው። ግን ወደ ራሴ ሳብኳት። «ልጄ» አልኳት። «የሚቆጣ ካለ እኔን ይቆጣ። እኔ ነኝ ያስተውኩት በይ። ካሊስቶ ነው በይ። ቅዱሱ ነው በይ። ብቻ እውነቱን ንገሪው። በዚህ ውሸት ሚለንካ አባት አይኖራትም።»

ጀርባዋ ላይ ያሰረችውን ባለ ቀለም መሸከሚያ ጨርቅ ፈታች። ከውስጡ፣ ከንፍሮ ቋጠሮና ከልጅቷ ሹራብ መሐል፣ ክኒኑ ወጣ፤ ያልተነካው። እኔ እንዳላገኘው ብላ ቀኑን ሙሉ አዝላው ስትዞር ነበር። ሐኪሙ እግር ሥር ወለሉ ላይ አፈሰሰችው።

«እሱ ነው ደብቂልኝ ያለኝ» አለች። «ከቺቻው ጋር እንዳይገድለኝ አለኝ። ከእሁድ ጀምሮ አልዋጠም። ዶክተር፣ አይቆጡኝ... ኧረ ይቆጡኝ፣ ብቻ ይስጡት።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ጊዜ አልነበረውም። ወደ ውስጥ ጮኸ፣ አንዲት ነርስ ከላቦራቶሪው እየሮጠች መጣች። ውጤቱን አየ። «እውነት ነው» አለ። «ደሙ እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው፣ ምንም አልቀጠነም። እንሰጠዋለን። ሊደማ ይችላል፤ ላያድነውም ይችላል። ገባችሁ?»

ገባን። ልጄን የጣለው ክኒኑን መተዉ ነው፤ አሁን መድኃኒቱን እንዲያገኝ በሩን የከፈተለትም እሱው መተዉ ነው። ይህን እግዜር በምን ቋንቋ እንደሚያስረዳ አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩና እዚያው አስመለሰኝ። ኤፍራይን ባልዲ ፈልጎ ወለሉን አጠበልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅን ማን ይጽፈዋል። ሐኪሙ እየመጣ «ዜኖቢዮ፣ ቀኝ እጅ» ይላል፤ እጁ ዝም። ደግሞ ይመጣል፤ ዝም። እኔ አንሶላውን ስቤ፣ እፍ ብዬ፣ በጣቴ ነክቼ፣ ልጄን ከእንቅልፉ እንደምቀሰቅስ እጁን ለመቀስቀስ ያልሞከርኩት የለም። ሊነጋጋ ሲል እግሩ መጣለት። ንግግሩ በማግስቱ፣ እየተጎተተ። እጁ ግን ግማሹን ብቻ ነው የመለሰልን፤ ማንኪያ ይይዛል፣ ማጭድ አይጨብጥም።

አሁን ቤት ነው። ለቅዱሱ የሚቀጥለውን ዓመት ማን እንደተረከበ አልጠየቀም። አበልጁ ካሊስቶ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ልቡ እንደሆነ ያው ነው፣ አሁንም እንደ ፈንዲሻው ይንጣጣል፤ ዶክተር ሮሲዮ ያን አላዳነውም፣ አድናለሁም አላለችም። ሠርግ ይሁን፣ ቀብር ይሁን፣ ሰክሮ ይሁን፣ ጾሞ ይሁን፣ ክኒኑ አይቀርም፤ የመጠጡ ሕግ ቢፈርስ እንኳ የክኒኑ እንዳይፈርስ አለችን፣ በዚህ ጊዜ ማንኛችንም አንገታችንን ብቻ አልነቀነቅንም፤ ጮክ ብለን አንድ በአንድ እንድንደግመው አደረገችን።

ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በግራ እጁ ያነሳና ምላሱ ላይ ያደርገዋል። ውኃ ይጎነጫል። እኔ አላምንም። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጅ አባት ነው፣ እንዲህ መደረግ እንደሚያቃጥለው አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ጥርሱን ነክሶ በዚያ በተሰበረ ንግግሩ «ተይኝ፣ እማዬ፣ ልሙትበት» ይለኛል፣ ዓይኑም ጥላቻ ይሞላል። ይጥላኝ። ሚለንካ በር ላይ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ እያየችን፣ ወደ ፊቱ ጎንበስ እላለሁ።

«አፍህን ክፈት» እለዋለሁ። «ምላስህን አንሳ።»